ስንት እንግዳ ያሳድራሉ?

ባንጋሎር፣ ነሐሴ 14 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ትዕምርት
ጭሮ

የጌታ ሰላም በቤትዎም በሱቅዎም ላይ ይብዛ። የእርስዎን ጤንነት፣ የጉልበትዎን ሕመም፣ የሰፈሩን ሰው ደህንነት ሁሉ እየጠየቅሁ፣ እኔ ከትንሽ ጉንፋን በቀር በቸርነቱ ደህና ነኝ።

በወረቀት መጻፌ ይገርምዎት ይሆናል። በኢሜይል ብልክ ደብዳቤውን አትሞ የሚሰጥዎ ሎሚ የምትሠራበት ኮምፒውተር ቤት ነው፤ ይህን ደግሞ ሎሚ እንድታየው አልፈልግም። ስልክ እንዳልደውል ሱቅዎ ጨርቅ ከሚገዛው ይልቅ ወሬ ለመስማት የሚቀመጠው ይበዛል። ስለዚህ ሳምንታት ቢፈጅም ፖስታው ይሻለናል።

ጉዳዬ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በጥር ወር ጭሮ ላይ ለሚደረገው ዓመታዊ ጉባኤ የእንግዳ ማሳደሪያ ዌብ አፕሊኬሽን በነፃ ልሠራ ለቤተ ክርስቲያኑ ቃል ገብቻለሁ። ባለፈው ጥር መጥቼ ያየሁት አይረሳኝም። የጉባኤው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ሮባ ጆሮአቸው ላይ እርሳስ ሰክተው በር ለበር «ስንት እንግዳ ትችላላችሁ?» እያሉ ሲዞሩ፣ ከሂርናና ከበደሳ ከተሞች የመጡት መዘምራን ሲደባለቁ፣ ሰው ሻንጣውን ተሸክሞ ከቤት ቤት ሲንከራተት። በዚህ ዘመን ያሳፍራል። በእኔ አሠራር እያንዳንዱ ቤተሰብ ስንት ሰው እንደሚያሳድር ገጹ ላይ ይመዘገባል፤ እንግዳውም ገና ከአገሩ ሳይነሳ የሚያድርበትን ቤት ያውቃል።

ሥራውን በአምስት ምዕራፍ ከፍዬዋለሁ፤ ፍላጎት መሰብሰብ፣ ንድፍ፣ ግንባታ፣ ሙከራ፣ ሥራ ማስጀመር። በቀለም የሠራሁትን የጊዜ ሰሌዳ አያይዣለሁ። እርስዎ የኮሚቴው አባል ስለሆኑ ልጓሙን ይያዙልኝ። በኮሚቴው ስም የሚያናግረኝ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ እሳቸውም ጋሽ ሮባ ናቸው። ከጥቅምት ሠላሳ በኋላ ደግሞ አንዲት አዲስ ፍላጎት አልቀበልም። የአገራችን ሥራ ሁሉ ውሃ የሚበላው «ይችንም ጨምርበት» በሚል ሰው ነው።

ሁለተኛው ሎሚ ናት። የጋሽ ሮባን ልጅ ማግባት እፈልጋለሁ። ከዚያ ጥር ጀምሮ እንጻጻፋለን፤ እምቢ አላለችኝም። አባቷ ግን ውጭ አገር ላለ ሰው ልጅ አልሰጥም ይላሉ አሉ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ጭሮ ላይ ሽማግሌ የሚልክልኝ ሰው ከእርስዎ ሌላ የለኝም፤ እርስዎና እሷ የሁለት ወንድማማቾች የልጅ ልጆች ናችሁ። ሥራዬ ሲሳካ የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ሮባ በሕዝቡ ፊት ደረታቸውን ነፍተው ይቆማሉ። ያን ጊዜ ሽማግሌ ቢገባባቸው እምቢ የሚሉበት አፍ አይኖራቸውም።

አደራዎን።
ኢዛና


ጭሮ፣ መስከረም 24 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለኢዛና

ጤናውን እንዲሰጥህ፣ ማስተዋሉንም እንዲጨምርልህ ጌታን እየለመንሁ ሰላም እልሃለሁ። ጉልበቴ እንደምታውቀው ነው። ጉንፋንህ ሲጋራ ካልሆነ በቀር ያልፋል።

ሰሌዳህን ለኮሚቴው አቀረብኩ። ጋሽ ሮባ ገልብጦ አየው፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየው፣ «የቢጫው ትርጉም ምንድን ነው?» አለ። ማንም አላወቀም። አቶ ገብሬ «ቢጫው ጸሎት ይሆናል» አለ። ከዚህ በኋላ ስብሰባው ፈር ለቀቀ። አቶ ዘገየ ገጹ ሲከፈት የእሱ የመዘምራን ቡድን መዝሙር እንዲሰማ ይፈልጋል። የበደሳዎቹ የመጋቢያቸው ፎቶ ይግባ ብለው በስልክ አስነገሩ፤ ይህን የሰሙት ሂርናዎች የእነሱ መጋቢ ፎቶ ከዚያ እንዳያንስ አሳሰቡ። ገብሬ ደግሞ በጉባኤው የጠፋ ጃንጥላ የሚፈለግበት ቦታ ይኑረው አለ። ባለፈው ዓመት ጃንጥላው ጠፍቶበታል። ልጓሙን ይያዙልኝ ብለኸኝ የለ? ሁሉንም አይሆንም አልኩ። አሁን ከእነዚህ ሰዎች ግማሾቹ ሰላም አይሉኝም፤ ብዙም አልጎዳኝም።

የሙከራውን ገጽ ስትልክ ሎሚ ኮምፒውተር ቤት ተሰብስበን አየነው። ሁሉም አመሰገነህ። አንተም ይህን ሰምተህ ልብህ እንዳበጠ አውቃለሁ። እንግዲህ እውነቱን ልንገርህ። ገብሬ «ድንቅ ነው፣ ጌታ እጁን ይባርክ» ያለው ገጹ ተከፍቶ ሳያልቅ ነው። መብራት ሄዶ ስክሪኑ ድርግም ካለ በኋላም «ቀለሙ ያምራል» ብሏል። እነዚህ ሰዎች የዘመድ ልጅ የሠራውን ነውር አለበት ከሚሉ ጣታቸውን ቢቆርጡ ይሻላቸዋል። አንተ ደግሞ ይሉኝታቸውን ሙከራ ብለህ ትመዘግባለህ። እኔ ስሜን ጽፌ አስቀምጥ የሚለውን ስነካው ስሜን በላው። ደገምኩ፤ ደግሞ በላው። ይህን የነገርኩህ እኔ ብቻ ነኝ።

ስለ ሎሚ፤ ልጅቱ በማስተዋል ከአንተ ትበልጣለች። ምላሷም አይቻልም። ሽማግሌ አልልክም ግን አላልኩም። ብቻ እጅ መንሻው ኮምፒውተር ውስጥ ያለ አማች ጭሮ አይታ አታውቅም።

ትዕምርት


ባንጋሎር፣ ጥቅምት 20 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ትዕምርት

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ምክርዎንም አያሳጣኝ። ሲጋራ አልጠጣም።

ደብዳቤዎን እያነበብኩ ስስቅም ስናደድም ነበር። ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ አንድ ሰው ብቻ ካማረረ፣ በእኛ ሙያ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያ ሰው ነው። ስምዎ የጠፋው አንዱን ቁልፍ ለሌላው ነክተው ይሆናል። ለማንኛውም አየሁት፤ አንዲት ትንሽ ስህተት ነበረች፣ ተስተካክላለች።

መዝሙሩን፣ ፎቶውን፣ ጃንጥላውን በሙሉ ሰርዣለሁ። የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ ሳነብ ምን እንደታሰበኝ ይወቁ። እዚህ እኔ በምሠራበት ድርጅት ሰው ሐሳቡን በአንድ መስመር ጽፎ፣ ምክንያቱን ጨምሮ፣ መልሱን ይጠብቃል። እዚያ ሥራ የሚመራው በሰላምታና በምርቃት ነው። ሁለት ሰዓት ተሰብስባችሁ ለአንድ ሰዓት ተኩል ጸልያችኋል።

ይልቅ አንድ ነገር በራሴ ጨምሬአለሁ፤ ጨማሪው እኔ ስለሆንኩ ሥርዓቱን አልጣስኩም። አምና ሰፊ ግቢ እያላቸው ሁለት ሰው ብቻ የተቀበሉ ቤተሰቦች ነበሩ። አሁን የእያንዳንዱ ቤተሰብ ስምና የሚያሳድረው ሰው ቁጥር ከላይ እስከ ታች በማዕረግ ተደርድሮ ለሁሉም ይታያል። ብዙ የሚያሳድር ከላይ፣ ትንሽ የሚያሳድር ከታች። ንፉጎቹ ያፍራሉ፤ አፍረውም በራቸውን ይከፍታሉ። ቁጥሩን ቤተሰቦቹ እንደነገሯት ሎሚ ታስገባለች።

ሽማግሌዎቹን ከአሁኑ ያስቡልኝ።
ኢዛና


ጭሮ፣ ኅዳር 16 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለኢዛና

ሰላምና ዕረፍት ይስጥህ። እኛን ግን አንተ ዕረፍት ነስተኸናል።

ገጽህ ከተከፈተ ጀምሮ ኮምፒውተር ቤቱ ሰው አይጠፋበትም። እሁድ ሕዝቡ ከአምልኮ ወጥቶ ቀጥታ ወደዚያ ነው። መጀመሪያ ቅንነት መስሎኝ ነበር። ዘገየ አራት ሰው ብሎ አስመዘገበና ወጣ። ከሰዓት ተመልሶ ሲያይ ገብሬ በስድስት ከላዩ ተቀምጧል። ሰኞ ጠዋት ሱቅ ሳይከፈት መጥቶ ሰባት አደረገው። ማክሰኞ ገብሬ ስምንት። ሚስቱ «ፍራሹ ከየት ይመጣል?» ብላ በሕዝብ ፊት ብትጠይቀው ዝም በይ ብሎ ተቆጣት። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖረውን ማሚቴን ታውቃታለህ፤ እሷም ስምንት ብላለች። የት ልታስተኛቸው ነው ብላት «ጌታ ያሰፋል» አለችኝ።

እኔስ? እኔ አምስት ብዬ ነበር። ማሚቴ ስምንት ብላ ከላይ ስትወጣ፣ በዚህ ከተማ ሠላሳ ዓመት የነገድኩት እኔ ከሷ በታች ልጻፍ ነው? ዘጠኝ በይልኝ አልኳት ሎሚን። አልጋዬ ሦስት ነው። ሎሚ «ይህ አይሆንም» ብላ ሳቀችብኝ፤ ጻፈችው ግን።

ጋሽ ሮባ በእርሳስ ሲዞር አንተ የናቅከው ነገር ይህ ነበር። በር ላይ ቆሞ ስንት ትችላላችሁ ሲል በትከሻችን በኩል ቤቱን ያየዋል። ለሱ ማን ይዋሻል? ደግሞም የጎረቤት ቁጥር ስንት እንደሆነ አይነግርም። አንተ ሰውን አሳፍረህ ደግ ልታደርገው አሰብክ። አሳፈርከው፤ ውሸታም አደረግከው።

አንተ ቁጥሮቹን ከሕዝብ ዓይን እንድትሸሽጋቸውና ምዝገባው ከመጀመሪያ እንዲደረግ ሎሚ ዛሬ በኢሜይል ትጽፍልሃለች። ስትጽፍ አጠገቧ ነበርኩ። ስማት።

ትዕምርት


ባንጋሎር፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ትዕምርት

መጪው ልደት የደስታ ይሁንልዎ። ጌታ በረከቱን በእጥፍ ያብዛልዎ።

ሎሚ የጻፈችው ደርሶኛል። የለውጥ ጊዜ ካለፈ ሳምንታት ሆኗል ብዬ በጨዋ ቋንቋ መለስኩላት። ከባድ እንደሆነብኝ አልደብቅዎትም፤ ግን ለሷ ብዬ በሩን አንድ ጊዜ ከከፈትኩ ነገ ለዘገየ መዝሙርም ልከፍት ነው። ሰው ፕሮጀክቱን የሚቆጣጠረው ለሚወደው ሰው ጭምር አይሆንም ሲል ነው። ይህን ጥንካሬዬን ሎሚ ራሷ ኋላ ታከብርልኛለች።

ስለ ውሸቱ ያሉትን አላመንኩም። አምና ለማግኘት የተለመነው ቦታ ዘንድሮ ሁለት እጥፍ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህን የመሰለ ውጤት አይታችሁ በመደሰት ፈንታ ጉድለት ትፈልጋላችሁ። ቦታ ስለተረፈ የመቻራ ከተማ ሁለተኛ መዘምራንም እንዲጠሩ ለጋሽ ሮባ ጽፌ ነበር፤ ጠርተዋቸዋል። እንግዶቹ ሁሉ የአስተናጋጃቸውን ስም ከወዲሁ በስልካቸው ተቀብለዋል። አንድም ስህተት አልታየም።

ጉባኤው እሁድ ጥር 18 ያበቃል። ሽማግሌዎቹ በሚቀጥለው ቅዳሜ ቢገቡ መልካም ነው። ገብሬን አይጨምሩብኝ። የሎሚ እናት ምን ዓይነት ነጠላ እንደሚወዱ ቢያጣሩልኝ ደግሞ ደስ ይለኛል።

ኢዛና


ጭሮ፣ ጥር 22 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለኢዛና

ጌታ ይማርህ። እኛንም ይማረን።

ደብዳቤህ የደረሰኝ በጉባኤው ዋዜማ ነው። ነጠላ አላጣራሁም።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ መኪኖቹ ገቡ። ከሂርና የመጡት በጊዜ ስለደረሱ የተገኘውን ቦታ ያዙ። ከዚያ የበደሳዎቹ፣ ከዚያ በሁለት ቅጥቅጥ አውቶቡስ የመቻራዎቹ፣ በዚያ መንገድ ተንገላተው አቧራ ለብሰው። እያንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ «የአቶ ዘገየ ቤት የት ነው? የወይዘሮ ማሚቴ ቤት የት ነው?» ይላል። ዘገየ ሂርና ድንገተኛ ሐዘን አጋጠመኝ ብሎ ጠዋት ሄዷል። ማን እንደሞተበት እስከ ዛሬ አልተናገረም። ማሚቴ ስምንት ሴቶች ሻንጣ ይዘው ደጇ ላይ ስታይ በሩን ከውስጥ ቆልፋ አለቀሰች። ገብሬ ስድስቱን በአንድ ምንጣፍ ላይ ደርድሮ ሁለቱን ወደ ቤተ ክርስቲያን መለሰ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ሞልቶ ነበር። እኔ ዘንድ ዘጠኙም መጡ። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። አምስቱን ሱቅ ውስጥ በጨርቅ ጣቃው መሐል አስተኛሁ፤ ለአራቱ ቦታ የለኝም ብዬ በራሴ አፍ ተናገርኩ።

የመቻራ መዘምራን መናኸሪያው አጠገብ አስፋልቱ ዳር ቁጭ አሉ፤ የመዘምራን ልብሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። ከተማው ሁሉ እያለፈ ያያቸዋል። ጋሽ ሮባ ከገጽህ የታተመውን ዝርዝር ይዞ ፊታቸው ቆሟል። አንድ የመቻራ ሽማግሌ ቀና ብለው «ሮባ፣ ጠርታችሁን ነው ወይስ ሳንጠራ ነው የመጣነው?» አሉት። ጋሽ ሮባን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ አንገቱን ሲደፋ አይቼው አላውቅም።

ያዳነችን ሞሚና ናት፤ መናኸሪያው ፊት ለፊት ሽንኩርት የምታከፋፍለዋ። «ያ ረቢ! እንግዳ ሜዳ ላይ ይቀመጣል እንዴ? ኮታ፣ ኮታ፣ ግቡ!» ብላ መጋዘኗን አስጠርጋ ከፈተች። ሽንኩርቷን ውጭ ፀሐይ ላይ ቆለለችው። አልጠየቀችንም፣ አልተመዘገበችም፣ ገጽህ ላይም የለችም። መዘምራኑ እስከ እሁድ እዚያ አደሩ። ዓይናቸው እያነባ ሲዘምሩ ገብሬ መንፈስ ነክቷቸው ነው ብሎ አብሯቸው አለቀሰ።

ሎሚ በሦስቱ ቀን ስትሮጥ ነው የዋለችው። አስቀድሜ ነግሬው ነበር ብላ ለአንድ ሰው እንኳ አልተናገረችም። ለአባቷም።

ስለዚህ አሁን የምትጽፈውን አስብበት። ጋሽ ሮባ የተቆጣ ሰው ነው እንጂ ቂመኛ አይደለም። «ጥፋቱ የእኔ ነው» የምትል አንዲት መስመር ጻፍለት። ሌላ አታብዛ፣ ሰሌዳም አታያይዝ። ሽማግሌዎቹን አልሰረዝኩም፤ ያንተ መስመር እስኪደርስ አቆይቻቸዋለሁ። ሎሚን የምታገኛት በዚህች መስመር ነው።

ትዕምርት


ባንጋሎር፣ የካቲት 15 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ትዕምርት

የመጽናናት አምላክ ያጽናናችሁ። በሆነው ነገር አዝኛለሁ።

ሆኖም ያላጠፋሁትን አጠፋሁ ብዬ መጻፍ አልችልም። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ መርምሬዋለሁ። አፕሊኬሽኑ የተሰጠውን ቁጥር ተቀብሎ፣ እንግዳውን በዚያው ቁጥር ደልድሎ፣ መልእክቱንም ልኳል። አንዲት ስህተት አልሠራም። የተሳሳተው የገባው ቁጥር ነው። ባለ ሦስት አልጋዋ ሴት ዘጠኝ ስትል ሰምቶ የሚጽፍ ሰው መጠየቅ ነበረበት። ይህ እኔን ይመለከተኛል እንዴ?

ስለዚህ በይቅርታው ፈንታ ዛሬ ለኮሚቴው በኢሜይል ሪፖርት ልኬአለሁ። የአንድ ፕሮጀክት የመጨረሻው ምዕራፍ ሪፖርት ነው፤ ሪፖርት ደግሞ ችግሩ የደረሰበትን ቦታ በስሙ ካልጠራ ዋጋ የለውም። የሎሚ ስም አንድ ቦታ ላይ ተጠቅሷል። ከሥራው አንጻር ብቻ ነው። እሷ የተማረች ስለሆነች ይህ የሥራ ነገር እንደሆነና የእኛን ጉዳይ እንደማይነካ ትረዳኛለች ብዬ አምናለሁ። የድርጅቴ ኃላፊም አይቶት በጣም የተጣራ ሪፖርት ነው ብሎኛል።

ከዚህ በኋላ ሽማግሌዎቹን የሚያቆይ ምክንያት አይታየኝም። በጾሙ ወቅት ወይስ ከፋሲካ በኋላ ነው የሚሻለው? ለነገሩ እኛን ጾሙ አይመለከተንም፤ የቅዳሜውን ቀን እርስዎ ይምረጡ።

ኢዛና


ጭሮ፣ መጋቢት 11 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለኢዛና

ጤና ይስጥህ። ሌላውን ጌታ ያውቃል።

ሪፖርትህ ደረሰ። ያተመችው ሎሚ ናት፤ ሌላ ማን ያትመው መስሎህ ነበር? ለኮሚቴው ይዛ መጣች። ጋሽ ሮባ መነጽሩን ቤት ረስቶ ስለነበር «አንቺው አንብቢልን» አላት። ምን እንደተጻፈ አላወቀም። ከገጽ አንድ ጀምራ አነበበች፤ አንድ መስመር አልዘለለችም። «መረጃ አስገቢዋ ወይዘሪት ሎሚ ሮባ የቁጥሮቹን እውነተኛነት ሳታረጋግጥ በማስገባቷ» የሚለው ላይ ስትደርስ ድምጿን አልቀነሰችም። እኔ ነኝ ወንበሬ ላይ የተቁነጠነጥኩት።

ዘገየ እፎይ አለ። ፊቱ ላይ አየሁት። ገብሬም አየ፤ ወዲያው «እንግዲህ ልጅ ናት፣ ጌታ ይቅር ይበላት» አለ። ስምንት ብሎ ያስጻፈው ገብሬ! ሐዘን ፈጥሮ የሸሸው ዘገየ! ይቅር ሊሏት ተዘጋጁ። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ «እኔ ነኝ የዋሸሁት» ይላል ብዬ በከንቱ ጠበቅሁ። ከአንተ የተሻሉ አይደሉም፤ አንተም ከእነሱ አልተሻልክም። ባሕር ተሻግረህ የተማርከው እንዴት በቀለም ባጌጠ ሰሌዳ ጥፋትን ወደ ሰው ማሻገር እንደሚቻል ነው።

ተነሣሁ። ጉልበቴ እያመመኝም ቢሆን ቆሜ ተናገርኩ። «ዘጠኝ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ልጅቱ እየሳቀች እንደማይሆን ነግራኛለች፣ ለሱም ጽፋለታለች፣ ስትጽፍ አጠገቧ ነበርኩ» አልኩ። ሪፖርቱ ውስጥ ይህ ስለሌለ ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ ብዬ አስጻፍኩ። ጋሽ ሮባ ልጁን ቀና ብሎ አያት። «እውነት ነው?» አላት። «እውነት ነው» አለች። «ለምን አልነገርሽኝም?» ሲላት «እሱ ራሱ ይናገራል ብዬ ነው የጠበቅሁት፣ አባ» አለችው። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ፊቱ አስቀመጠችና «ሽማግሌ ቢመጣ መልሰው» ብላ ወጣች።

እኔ አላስተማርኳትም። ብትጠይቀኝ ግን ይህንኑ ነበር የምላት።

ኮሚቴው ወስኗል። የገጹን ፓስወርድ ለሎሚ ትልካለህ። ለሚመጣው ዓመት እሷ ትይዘዋለች፤ የማንም ቁጥር ለማንም አይታይም፤ ከመመዝገቡ በፊት ጋሽ ሮባ ቤቱን ያያል። ሞሚናንም ከሁሉ አስቀድማ መዝግባታለች። ፓስወርዱን ለመላክ ጊዜው አልፏል የሚል መልስ እንዳትጽፍልን።

ስብሰባው ተበትኖ ሰው ሲወጣ ጋሽ ሮባ በሩ ላይ ጠበቀኝ። አልተቆጣም። እንደ ደከመው ሰው ግድግዳውን ተደግፎ «ትዕምርት፣ ይህ ልጅ ዘመድሽ አይደለም እንዴ?» አለኝ።

«የሩቅ ነው» አልኩት።

ትዕምርት